አረፋ ጠባቂዎች

አዲስ አበባ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። መርካቶም ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ገበያ ነው። ለመርካቶ ሰው ባሕር ማለት ኮንቴይነር ነው፤ ጅቡቲ ነው፤ «ዕቃው ገና ባሕር ላይ ነው» ተብሎ ለባለዕዳ የሚነገር ሰበብ ነው። ስለዚህ ከሰሜን ባሕር ወለል ሥር ስለተቀበረ አየር፣ አየሩም እንዳያመልጥ ስለሚጠብቁ ሰዎች ለመጻፍ ተነሥቼ ከመርካቶ መጀመሬ ለአንባቢዬ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ይሁን እንጂ የነገሩ ፍሬ የገባኝ እዚያው ነው፤ ጎማ ተራ፣ ለሁለት ከተቆረጠ የውሃ በርሜል አጠገብ።

ጎሚስታ የሚለው ቃል ገበያውን ከአራዳ ወደዚህ ያዛወሩት ጣሊያኖች ጥለውልን ከሄዷቸው ቃላት አንዱ ነው። ሙያው ግን የእኛ ከሆነ ቆይቷል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ማለቴ ነው፣ በኮምፕሬሰር ይነፋዋል። ከዚያ በርሜሉ ውስጥ እየነከረ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ቀዳዳው ባለበት በኩል ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ለተመልካች ሕፃን ልጅም የሚችለው ሥራ ይመስላል። አንድ ቀን የቸኮለ የሚኒባስ ረዳት፣ ላስቲኩ ገና ውሃውን ከመንካቱ ብዙ ጥቃቅን አረፋ ሲንጣጣ አይቶ «ፋዘር፣ ያውና! እዚያ ጋ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው ጎሚስታ ቀና ብለውም አላዩት።

«እሱ የቀዳዳ አይደለም ልጄ፤ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ የገባ አየር ነው። ይራገፍ። ውሃውም ይርጋ።»

ውሃው እስኪረጋ ጠበቁ። ረዳቱ ይቁነጠነጣል፣ ሹፌሩ ከወዲያ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሽማግሌው ግን እጃቸውን ላስቲኩ ላይ ጭነው ዝም ብለው ውሃውን ያያሉ። በመጨረሻ ከቫልቩ ሥር ከስፒል ራስ የማትበልጥ አረፋ ወጣች። ቆየት ብላ ሌላዋ ተከተለች። ያቺን ነበር የሚጠብቋት።

ስለ ሰሜን ባሕር ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ይህ የመጠበቅ ዘዴ ነው። በኖርዌይና በስኮትላንድ መካከል ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ስላይፕነር የሚባል የተፈጥሮ ጋዝ ማውጫ አለ። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ እስከ 9 በመቶ የሚደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀላቅሎበታል፤ እኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የተቃጠለ አየር» ብለን የተማርነው ነው። ለገበያ የሚቀርብ ጋዝ ይህን ያህል ሊኖረው ስለማይገባ መለየት አለበት። የተለየውን ወደ ሰማይ መልቀቅ ይቻል ነበር፤ ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ያንኑ ነው። ነገር ግን ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1991 በካርቦን ላይ ግብር ጣለች። ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው፤ ኩባንያው ሒሳቡን ሠርቶ ከመክፈል መቅበር እንደሚሻለው አየ። ከ1996 ጀምሮ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የተቃጠለ አየር፣ ከባሕሩ ገጽ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ኡትሲራ በሚባል ጨዋማ ውሃ የያዘ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያስገባ ጀመር። ከአሸዋው በላይ ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ ድንጋይ እንደ ክዳን ተደፍቷል።

አምቦ ውሃን ለሚያውቅ ሰው ቀሪውን ማስረዳት ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው ይህ ውሃ ከምድር ሆድ ይዞት የሚወጣው ጋዝ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቆርኪው ሳይነሣ ጠርሙሱን ብናየው ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ ጋዙ በግፊት ተገዶ ከውሃው ጋር ሟሙቶ ተቀምጧል። ቆርኪው ሲነሣ ግን ግፊቱ ይለቀዋል፣ ያን ጊዜ ከየት መጣ የማይባል አረፋ ይግተለተላል። ከባሕር ሥር ያለው መጋዘንም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ቆርኪው በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ድንጋይና ጭቃ ከመሆኑ በቀር። 800 ሜትር ያህል ከተወረደ በኋላ ግፊቱና ሙቀቱ ተባብረው ጋዙን እንደ ፈሳሽ የከበደ፣ ፈሳሽ ግን ያልሆነ ነገር ያደርጉታል፤ እኛ በምንኖርበት አየር 300 በርሜል የሚሞላው እዚያ ታች በአንድ በርሜል ይጠቃለላል። ዓመታት ሲያልፉ ከፊሉ ከጨዋማው ውሃ ጋር ይሟሟል። ብዙ ዘመን ሲያልፍ ደግሞ ጥቂቱ ራሱ ድንጋይ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ከከበበው ውሃ ስለሚቀል ወደ ላይ መሄድ ይሻል። ክዳኑን ይገፋል፣ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ሰው የቆፈረው አሮጌ ጉድጓድ ካገኘ ደግሞ እሱን ይመርጣል።

ቢያመልጥስ? ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው የካሜሩኑ የኒዮስ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1986 ምሽት፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛው ይህ ሐይቅ በሥሩ ለዘመናት ያጠራቀመውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአንድ ጊዜ ተፋው። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ እንደ ጎርፍ በሸለቆው ወረደ፤ ከ1,700 በላይ ሰዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች በተኙበት ቀሩ። ከ2001 ጀምሮ ሐይቁን ጥቂት በጥቂት የሚያስተነፍስ ቱቦ ተተክሎለታል።

ለነገሩ ለዚህ አየር እኛም ባዕድ አይደለንም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ሲያከማች አፉን ይደፍነዋል። እህሉ ራሱ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ይጨርስና ጉድጓዱን በተቃጠለ አየር ይሞላዋል። ነቀዙን የሚገድልለት ይኸው አየር ነው፤ ሳይጠነቀቅ የሚወርደውን ሰውም እንዲሁ። ስለዚህ ጉድጓድ ሲከፈት ወዲያው አይወረድም፤ ይናፈሳል፣ ይጠበቃል። በአፋርም ከዳሎል ብዙ ሳይርቅ ጋኤታሌ የምትባል ኩሬ አለች። ከሥሯ ጋዝ ይንፎለፎላል፣ ውሃ መስሏቸው የመጡ ወፎችም በዳርቻዋ ሞተው ይገኛሉ። ያ ሁሉ የጨው ሜዳ አንድ ጊዜ የቀይ ባሕር ክንድ እንደነበረ ሳስብ፣ ባሕርና የተቃጠለ አየር በአገራችን ቀድሞም ይተዋወቁ ነበር ለማለት ይቃጣኛል።

ይሁንና ፍርድ እንዳይጓደል የሰሜን ባሕር ኒዮስ አይደለም። ኒዮስ ጥልቅና የማይናወጥ ሐይቅ ስለነበረ ጋዙን በሥሩ አምቆ ያዘው። የሰሜን ባሕር ግን ማዕበልና ሞገድ ሌት ተቀን የሚያማስለው፣ በስላይፕነር አካባቢ ጥልቀቱ 80 ሜትር ገደማ የሆነ ውሃ ነው። ከወለሉ ጋዝ ቢሾልክ መንደር አይፈጅም። የሚያደርሰው ጉዳት ዝምተኛ ነው። በሾለከበት አካባቢ ውሃው ወደ አሲድነት ያደላል፣ ዛጎላቸውን ከኖራ የሚሠሩ ፍጥረታትም ይቸገራሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ የሒሳብ ጉዳት አለ፤ ለእኔ ዋናው ጉዳት እሱ ነው። ተቀበረ ተብሎ መዝገብ ላይ የተጻፈ፣ ግብር የቀረለት፣ ክፍያ የተፈጸመበት አየር በጓሮ በር ወጥቶ ወደ ሰማይ ከተመለሰ፣ ደረሰኙ በእጃችን ዕቃው ግን በሌላ ሰው ቤት ሆነ ማለት ነው። የመርካቶ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ስም አውጥቶለት ያውቀዋል፤ እዚህ መጻፉ ግን ለጨዋነት አይመችም።

የሚጠብቁት ሰዎች መጀመሪያ የሚጠቀሙት ለነፍሰ ጡር ከሚደረገው ምርመራ ጋር በሚመሳሰል ዘዴ ነው። መርከብ በባሕሩ ላይ እየሄደ ኃይለኛ ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ከየድንጋዩ ንጣፍ የሚመለሰውን ማሚቶ ይቀበላል፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ይደግምና ሁለቱን ሥዕሎች ያስተያያል። በስላይፕነር እ.ኤ.አ. በ1999 የተነሣው ሥዕል፣ ጋዙ በአሸዋው ውስጥ ባሉ ስስ የሸክላ ንጣፎች ሥር እየተዘረጋ በ9 ንብርብር ወደ ላይ እንደወጣና ከትልቁ ክዳን ሥር እንደደረሰ አሳየ። ክዳኑ ይዞታል። ግን ይህ ዘዴ የሚያሳየው ትልቁን ገላ ነው። ከስፒል ራስ የማትበልጠዋን አረፋ አያሳይም።

እሷን ለማግኘት ወደ ወለሉ መውረድና ጆሮን መስጠት ያስፈልጋል። ጆሮ ያልኩት በምሳሌ አይደለም። አረፋ ከጭቃው ተላቅቃ ስትወጣ ትርገበገባለች፣ ስትርገበገብም ድምፅ ትሰጣለች። ሚናርት የተባለ የኔዘርላንድ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 የዚህን ድምፅ ሕግ ጽፎታል፤ ትንሽ አረፋ ቀጭን ድምፅ፣ ትልቅ አረፋ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ የባሕር ውስጥ ማይክሮፎን ያኖረ ሰው ድምፁን ሰምቶ የአረፋዋን ልክ፣ ከአረፋዋ ልክና ቁጥር ደግሞ በቀን ስንት ኪሎ እንደሚያመልጥ ያሰላል። ባሕር ግን ጸጥተኛ ቦታ አይደለም። ሞገዱ አለ፣ የመርከብ ሞተሩ አለ፣ ዓሣው አለ። በመርካቶ ሰባተኛ ላይ ቆሞ የአንድ ሰው ሹክሹክታ እንደመለየት ያለ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ሆን ብለው ፍሳሽ ፈጠሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በስኮትላንድ አርድማክኒሽ በሚባል ወሽመጥ ከባሕሩ ወለል 11 ሜትር ዝቅ ብሎ ባበቃ ቱቦ ለ37 ቀናት 4.2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቁ። ጠላቂዎች ወርደው አረፋውን ቆጠሩ። ያስገረመኝ ውጤት ይህ ነው፤ በአረፋነት ወደ ውሃው የወጣው ጥቂቱ ነበረ። የበዛው በጭቃው ውስጥ እያለ ሟሟ ወይም እዚያው ተይዞ ቀረ። አረፋ አለመታየቱ ፍሳሽ አለመኖሩን አያረጋግጥም ማለት ነው። የጎማ ተራው በርሜል ይህን አያውቅም፤ ተራ አየር ከውሃ ጋር እምብዛም ስለማይሟሟ ያመለጠው ሁሉ በዓይን ይታያል። የተቃጠለ አየር ግን መንገድ ላይ ልብሱን ይቀይራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከስኮትላንድ ጠረፍ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ጎልደንአይ በሚባል ባዶ የሆነ የጋዝ መስክ አጠገብ፣ በ120 ሜትር ጥልቀት ላይ ሌላ ፍሳሽ ተሠራ። ለ11 ቀናት ጋዙ ከወለሉ 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተለቀቀ፤ መጀመሪያ በቀን 6 ኪሎ፣ በመጨረሻ በቀን 143 ኪሎ። ስድስት ኪሎ! መርካቶ ውስጥ አንድ ኩሊ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የሚሮጥበት ክብደት ነው። በዚያ ስፋት ባለው ባሕር ውስጥ ይህን መፈለግ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። ሮቦቶች፣ ማይክሮፎኖች፣ የውሃውን አሲድነት የሚለኩ መሣሪያዎች ሁሉ በየራሳቸው መንገድ ፈለጉት፤ አገኙትም።

እዚህ ላይ ግን የሽማግሌው ጎሚስታ ነገር ይመጣል፤ ላስቲኩ ላይ ተጣብቆ የገባው አየር። ጃፓን በሆካይዶ ደሴት ቶማኮማይ ወደብ አጠገብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 የተቃጠለ አየር ከባሕር ወለል ሥር ማስገባት ጀመረች። በዚያው ዓመት የባሕሩን ውሃ የሚመረምሩት ሰዎች የካርቦኑ መጠን አስቀድሞ ከተቀመጠው ወሰን አልፎ አገኙት። ሥራው ቆመ። ምርመራ ተደረገ። ፍሳሽ አልነበረም፤ ባሕሩ ራሱ ነበር የተነፈሰው። በባሕር ውስጥ ያለ ሕይወት ሁሉ ሲበላና ሲበሰብስ የተቃጠለ አየር ያወጣል፤ በበጋ ሌላ ነው፣ በክረምት ሌላ ነው፣ ሞገድ ሲኖርና ሳይኖር ሌላ ነው። ወሰኑን ያበጀው የአንድ ዓመት ልኬት ደግሞ ይህን ሁሉ ጠባይ አልያዘም ነበር። ሥራው በሚቀጥለው ዓመት ተጀምሮ እስከ 2019 ድረስ 300,000 ቶን ገባ። በመካከሉ በ2018 አካባቢውን ክፉኛ ያናወጠ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር፤ ከእሱም በኋላ ፍሳሽ አልተገኘም።

ከሁሉም በላይ ቆም ብዬ ያሰብኩት ስለ ቶማኮማይ ነው። ከአንድ መጋዘን የጎደለውን ለማወቅ በመጀመሪያ ምን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በመርካቶ ሱቅ የሚቀበል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቆጠራ ነው፤ ያለ ቆጠራ ሱቅ የተረከበ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሌባም ይሁን አይጥ፣ ዝገትም ይሁን የራሱ ልጅ የቱ እንዳጎደለበት አያውቅም። የባሕርን ቆጠራ ግን ማን ያውቃል? ባሕር በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ሱቅ ነው። በዚያ ላይ ሰው በሰማዩ ላይ ከሚለቀው ካርቦን ከፊሉን ባሕሩ እየጠጣ ስለሆነ የዛሬ ሃያ ዓመት የተቆጠረው ለዛሬ አይሆንም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ብልሃት ፈለጉ። ሕይወት ያለው ነገር ሲተነፍስ ካርቦኑ በጨመረ ልክ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ሁለቱ እንደ ሚዛን ሁለት ክንዶች አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል። ካርቦኑ ብቻውን ጨምሮ ኦክስጅኑ እንደነበረ ከሆነ ግን የተነፈሰ የለም፤ ከውጭ የገባ አለ። ሌባውን በዱካው ሳይሆን ውሻው ባለመጮኹ ማወቅ ልንለው እንችላለን።

ይህን መሣሪያ ወደ አገራችን ብናመጣው ምን ይሰማ ይሆን? መልሱ በከፊል ተለክቷል። በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ያለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ፣ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ተራራ ማለት ነው፣ ከስንጥቆቹ በቀን ከ250 እስከ 500 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ተመራማሪዎች ገምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የመካከለኛውና የሰሜኑ ስምጥ ሸለቆ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 4 ሚሊዮን ቶን የሚያልፍ ሊያወጣ እንደሚችል አሰላ። ኖርዌጂያኖች በስላይፕነር በዓመት በብዙ ድካም የሚያስገቡት አንድ ሚሊዮን ቶን አይሞላም። እነሱ በአንድ በኩል ይከድናሉ፣ የእኛ ምድር በሌላ በኩል ተከፍታ ትተነፍሳለች። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን አደከማቸው?» ይላል። አልስማማም። ስምጥ ሸለቆ ሰው ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ ሲተነፍስ ኖሯል፣ ምድርም ይህን ሒሳብ አብቃቅታ ይዛዋለች። ሚዛኑን ያዛባው ሰው በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የጨመረበት ነው፤ ያም በዓመት በአሥር ቢሊዮኖች ቶን የሚቆጠር ነው። ከዚያ ጎን ሲታይ ስላይፕነርም አሉቶም ጠብታ ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ጠብታነቱ ያሳስበኛል። ከባሕር በታች መቅበር ፋብሪካውን እንዳለ አቆይቶ ጢሱን ብቻ ለመደበቅ የሚያገለግል ምክንያት ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ውኃ ያነሣል። ሆኖም ሲሚንቶን የመሰለ ነገር አለ። ሲሚንቶ ሲሠራ የተቃጠለ አየር የሚወጣው ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከኖራ ድንጋዩ ከራሱ ነው። ነዳጁ ቢቀየርም ድንጋዩ ያው መተንፈሱን አይተውም። ስለዚህ በኖርዌይ ብሬቪክ የሚገኘው የሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት 400,000 ቶን ያህል ጋዝ እንዲይዝ ተደርጎ መሣሪያ ተተከለለት። የተያዘው ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ወደ ምዕራቡ ጠረፍ ይሄዳል፣ ከዚያ በ100 ኪሎ ሜትር ያህል ቱቦ ተጉዞ ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገባል። ኖርዘርን ላይትስ የተባለው ይህ መጋዘን የመጀመሪያውን ጋዝ ያስገባው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ነው። የሌላ አገር ፋብሪካዎችንም አየር በክፍያ ይቀበላል። መጋዘን አከራይ ሆነ ማለት ነው።

መጋዘን ማከራየትን መርካቶ ያውቀዋል። ከዚያም የሚበልጥ ነገር ያውቃል፤ አደራ። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ምስክር፣ «እስክመለስ ይህችን ያዝልኝ» ብሎ ለጎረቤት ሱቅ ዕቃ ጥሎ መሄድ። አደራ ከባድ የሚሆነው ተቀባዩ እሺ ስላለ ነው። ከባሕር ሥር የተቀበረውን አየር የሚቀበሉን ግን እሺ ለማለት ገና አልተወለዱም። የዓለም የአየር ንብረት ሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ፣ በደንብ በተመረጠና በደንብ በተያዘ ቦታ ከተቀበረው ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ለአንድ ሺህ ዓመት የመቆየት ዕድል እንዳለው ጽፏል። አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ብንቆጥር የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ገና አልተፈለፈሉም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ መጋዘኑ ከተዘጋ በኋላ ባለቤቱ ቢያንስ 20 ዓመት እንዲጠብቅ፣ ሁሉም ነገር አስተማማኝ ሆኖ ከተገኘ ኃላፊነቱን ለመንግሥት እንዲያስረክብ፣ ሲያስረክብም ቢያንስ ለ30 ዓመት ጥበቃ የሚበቃ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ ደንግጓል። ሃያና ሠላሳ አንድ ላይ ሃምሳ ነው። ከሺህ ሃምሳ ሲነሣ ስንት እንደሚቀር ማንም ነጋዴ ያለ ማሽን ያውቀዋል።

በሐምሌ ዝናብ በርበሬ በረንዳ አካባቢ ካለ መጋዘን ጣሪያ ሥር ተጠልዬ ይህን ነገር ለዘበኛው አጫወትኳቸው። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው። ባሕር አይተው አያውቁም። የአየሩን መቀበር እንደ ተረት ሰሙት፣ ስለ ማይክሮፎኑ ስነግራቸው ፈገግ አሉ፣ ሺህ ዓመት ላይ ስደርስ ግን ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«ሺህ ዓመት የሚያድረው ዘበኛ ደሞዙን ከማን ይቀበላል?»

«መጀመሪያ ከባለቤቱ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከመንግሥት።»

«ከየትኛው መንግሥት?»

ዝናቡ ያባራ መስሏቸው አንገታቸውን አውጥተው ሰማዩን አዩ፤ አላባራም። ቢሆንም ባትሪያቸውን አበሩና የመጋዘኖቹን ቁልፎች አንድ በአንድ እየነካኩ ወደ ጨለማው ሄዱ።